ከዳና እስከ ፌይናን

አድምጡኝማ። በዮርዳኖስ፣ ከአማን ተነሥቶ ወደ ደቡብ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው፣ አገሩ እንዲሁ ሜዳ ነው ብሎ ልቡን ጥሎ ሲሄድ፣ ድንገት ምድር ከፊቱ ታልቅበታለች። ያለቀችበት ቦታ ዳና ይባላል። መንገዱም የዋዛ መንገድ አይደለም። በኦሪት ዘኍልቍ ሙሴ ወደ ኤዶም ንጉሥ መልእክተኛ ልኮ፣ እርሻ አንረግጥም፣ ውሃም አንቀዳም፣ በንጉሡ ጎዳና ብቻ አሳልፉን ብሎ ለምኖ እንቢ የተባለው በዚሁ አገር ነው። ዛሬ ጎዳናው አስፋልት ለብሷል፤ ስሙ ግን ያው የንጉሡ ጎዳና ነው።

ከገደሉ አፋፍ ቆማችሁ ወደ ምዕራብ ብትመለከቱ፣ ሸለቆው እየተጠማዘዘ ወርዶ ወርዶ ጭጋግ ውስጥ ይጠፋል። አምባው ከባሕር ወለል በላይ ከ1500 ሜትር ያልፋል። ሸለቆው የተፈጥሮ ጥብቅ ክልል ነው፤ የክልሉ ታችኛው ዳር፣ ዋዲ አረባ፣ ከባሕር ወለል በታች ነው። ላይ በክረምት በረዶ ይጥላል፤ ታች በበጋ ድንጋዩ ይፋጃል። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ፣ በረሃ እያልን እኛ በሳምንት ጉዞ የምናዳርሰውን እነሱ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ደርድረው አስቀምጠውታል። ዋዲ አረባም ቢሆን ለእኛ ባዳ አይደለም። ከአፋር ተነሥቶ በቀይ ባሕር በኩል ዘልቆ፣ በአቃባ አድርጎ ወደ ሙት ባሕር የሚወጣው የምድር ስንጥቅ አንዱ ክንድ ነው። ስምጥ ሸለቆ ላደገ ሰው እንዲያውም ዘመድ ቤት መግባት ነው።

የሄድኩት ከእህቴ ልጅ ጋር ነው። አማን ከተማ በሰው ቤት ሠራተኛ ሆና ዓመታት አስቆጥራለች። አረብኛውን ከወጥ ቤት፣ ከልጆች መኝታና ከስልክ ለቅማ፣ አሁን እንደ ውሃ ታፈሰዋለች። ከአማን ወጥታ ግን የአገሩን ደቡብ ዓይታ አታውቅም። እንደሷ ያሉ ስንትና ስንት ኢትዮጵያውያን እህቶች አሉ፤ የሚኖሩበትን አገር ከበረንዳ ላይ ብቻ የሚያውቁት። እንግዲህ ፈቃድ አገኘች፣ እኔም መጣሁ፣ ጊዜውም ዓቢይ ጾም ነበር። «ጋሼ፣ እኔ እንደሆነ ጾሜን አልፈታም፤ በረሃ ውስጥ ምን እንደምበላ አንተ አስብበት» አለችኝ ገና ከመነሣታችን። አላሰብኩበትም። እንዴት እንደሆነ በኋላ እነግራችኋለሁ።

የዳና መንደር ከአፋፉ ትንሽ ዝቅ ብላ ተቀምጣለች። ቤቶቹ ድንጋይ በጭቃ የተገነቡ፣ ጣሪያቸው በእንጨትና በሸምበቆ የተረበረበ ነው። ከቤቶቹ ሥር ከምንጩ በቦይ የሚጠጡ የበለስ፣ የሮማንና የወይን እርከኖች አሉ። አጣጣ የሚባሉ ነገዶች ናቸው ለብዙ መቶ ዓመታት የኖሩባት። በኋላ ግን ሰዉ ለመብራቱ፣ ለትምህርት ቤቱና በአቅራቢያው ለተተከለው የሲሚንቶ ፋብሪካ ሥራ ሲል ወደ ላይ፣ ወደ አልቃዲሲያ ወጣ። ቤቶቹም መፍረስ ያዙ። ዛሬ ግማሾቹ ታድሰው የእንግዳ ማረፊያ ሆነዋል፤ ግማሾቹ ጣሪያቸው ወርዶ በለስ በቅሎባቸዋል። እኔ ያልታደሱት በለጡብኝ። የታደሰው ቤት ያንተን መምጣት ይጠብቃል፤ ያልታደሰው አያውቅህም።

ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥርላችሁ፤ እነሱ በዚያ ነው የሚቆጥሩት። በ1989 ይህ ሸለቆ በጥብቅ ክልልነት ተከለለ። ያስከለለው በ1966 የተመሠረተው ንጉሣዊው የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ነው። ስፋቱ ወደ 300 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ በአገሪቱ ካሉት ትልልቆች አንዱ ነው። ከስምንት መቶ የሚበልጡ የዕፅዋት ዓይነቶች ተመዝግበውበታል። መቼም ስትሰሙት ሁሉም የተደሰተ ይመስላችኋል። አልተደሰተም። ጥብቅ ክልል ሲባል መጀመሪያ የምትባረረው ፍየል ናት፤ ፍየል ስትባረር ደግሞ ባለቤቷ ነው የሚባረረው። ማኅበሩም ይህን ተረዳ መሰለኝ፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሌላ ዘዴ ያዘ፦ ከአትክልቱ ማርማላታና የደረቀ ቅጠል ማሸግ፣ ከብር ጌጥ መሥራት፣ ሰውን በመንገድ መሪነትና በጠባቂነት መቅጠር። ፍየሎቹ ከነጭራሹ አልጠፉም፤ የት መሰማራት እንዳለባቸው ግን ተለየ። በዚህ ጉዳይ ዛሬም ቅሬታ አለ፤ መንገድ ላይ የጠየቃችሁት ሁሉ ይነግራችኋል።

በማለዳ መውረድ ጀመርን። ከዳና እስከ ሸለቆው ግርጌ፣ እስከ ፌይናን፣ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ነው። ቁልቁለት ስለሆነ ቀላል ነው የሚላችሁን ሰው አትመኑት፤ ዳገት ልብን ነው የሚፈትነው፣ ቁልቁለት ግን ጉልበትን ነው። መሪያችን የታችኛው አገር ልጅ፣ የቤዱዊን ወጣት ነበር። ቀጭን፣ ጫማው ያረጀ ሸበጥ፣ ራሱ ላይ ቀይና ነጭ ሻማግ ጠምጥሟል፤ እኛ የተራራ ጫማ አድርገን እንንሸራተታለን፣ እሱ በሸበጡ እንደ ቤቱ ደጅ ይራመዳል።

የመጀመሪያው ሰዓት ነጭ የኖራ ድንጋይ ነው። ከዚያ ጥዱ ይመጣል። የእኛ ጥድ አይደለም፣ የአጎት ልጁ ነው፤ አጠር ብሎ፣ ግንዱ ተጠማዝዞ፣ ሽታው ግን ያው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ሽታ። የእህቴ ልጅ ቅርፊቱን ጨምቃ አሸተተችና ዝም አለች። ትንሽ ወረድ ስንል ድንጋዩ መልኩን ለወጠ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ነጭ፣ እየተጥመለመለ በአንድ ዓለት ላይ ተጋድሟል። አሸዋ ድንጋይ ነው፤ ጴጥራ የተፈለፈለችበት ዓይነት። ቀለሙን ብረትና ማንጋኒዝ ነው የሚሰጡት ይላሉ አዋቂዎቹ። ዝናብና ንፋስ ደግሞ ገጹን ቦርቡረው ማር እንጀራ አስመስለውታል።

እዚያ ዓለት ጥግ ላይ መሪያችን ድንገት ቆመ። እጁን አነሣና ወደ ላይ አሳየን። እኔ ምንም አላየሁም። «አየኸው?» ትለኛለች ልጅቱ። አላየሁም። ጠጠር ተንከባለለ፤ ያን ጊዜ ድንጋይ መስሎኝ የነበረው ነገር አንገቱን አዞረ። ቀንዱ ወደ ኋላ ተቆልምሞ ጀርባው ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረው፣ በቀንዱም ላይ ጉብ ጉብ ያሉ ቋጠሮዎች፣ አገጩ ሥር ጥቁር ጢም። «ዋልያ!» ብላ ጮኸች። ዋልያ አልነበረም። የኑብያ አይቤክስ ነው፤ ቤዱዊኖቹ በደን ይሉታል። ነገር ግን አልተሳሳተችም ማለትም ይቻላል፤ ሁለቱ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። የእኛው ሰሜን ተራሮች ላይ ብቻ ቀረ፤ ይኼኛው ከግብፅ እስከ ዓረብ ደቡብ ድረስ በየገደሉ ተበትኗል። መሪያችን «በአገራችሁም አለ?» አለ። አለ አልነው። «ታድኑታላችሁ?» ድሮ ይታደን ነበር፣ ዛሬ ክልክል ነው አልነው። ሣቀ። «የእኛም አያቶች እንዲሁ ነበሩ» አለ። ከዚያ በኋላ ሽኮኮም አየን፤ ከእኛ አገሩ ጋር አንድ ዘር ነው፣ ድንጋይ ላይ ተጋድሞ ፀሐይ ይሞቃል፣ ለማንም ደንታ የለውም።

ቀትር ላይ ጥላ ተገኘ። መሪያችን ደረቅ እንጨት ለቃቅሞ እሳት አነደደ፣ በጥላሸት የጠቆረች ትንሽ ጀበና መሰል ዕቃ ጣደ፣ ሻዩን ከስኳሩ ጋር አንድ ላይ ጨመረ። ስኳሩን እያየሁ ደነገጥኩ። ከኪሱ መርየሚያ የሚሉትን ግራጫ ቅጠል አውጥቶ ጣለበት። ከአካባቢው ደግሞ የአሪቲ ዘመድ የሆነ ሽታው የሚያውድ ቅጠል ቀነጠሰና «ይህ ለሆድ ነው» አለ። እዚያው ወንዙ ዳር ሮዝ አበባ የሚያወጣ ቁጥቋጦ ሞልቷል፤ ሲያዩት ያምራል፣ መርዝ ነው። ፍየል አትነካውም አለን። ሰው ግን በአበባው ተታልሎ ቅርንጫፉን ለሥጋ መጥበሻ ሰክቶበት የሞተ እንዳለ እዚያ አገር ይተረካል።

እንግዲህ እንዲህ እንዲህ እያልን ወረድን። ሸለቆው ተከፈተ፣ ጥዱ ቀረ፣ ሙቀቱ መጣ። ከዚያ በኋላ፣ ወገኖቼ፣ ግራር! ዣንጥላ የዘረጋ፣ እሾሁ ነጭ፣ ሥሩ ፍየል የተጠለለበት ግራር። አዋሽ ፓርክ ገባን እንዴ አልኩ። ለካስ የዕፅዋት ሊቃውንት ያን የታችኛውን ቀበሌ የሱዳን ክፍለ ዕፅዋት ይሉታል፤ አፍሪካ ናት በስንጥቁ ውስጥ ተስባ እስከዚያ የወጣችው።

ቡና የተጋበዝንበት የአንድ አዛውንት ድንኳን ከግራሮቹ ማዶ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስገባ፦ ቤዱዊን ሁሉ ድንኳን ውስጥ የሚኖር አይምሰላችሁ። ብዙዎቹ የሲሚንቶ ቤት አላቸው፤ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ ፒካፕ መኪናውም ስልኩም አለ። በፌይናን ዙሪያ ግን ዛሬም የፍየል ጠጕር ድንኳን ተክለው፣ በክረምት ወርደው በበጋ የሚወጡ ቤተሰቦች አሉ። የዚህ ድንኳን ባለቤቶች አዛዝማ ከሚባለው ነገድ ናቸው። አገራቸው ቢር ሰብዕ፣ ማዶ ኔጌብ ነበር፤ ከ1948ቱ ጦርነት በኋላ ነው ወዲህ የተሻገሩት። ሌሎቹ የአካባቢው ነገዶች፣ ረሻይዳው፣ ሰዒዲዩኑ፣ አማሪኑ፣ ቀደም ብለው ነበሩ።

ድንኳኑ ጥቁር ነው። ሴቶቹ ናቸው ፈትለው የሚሸምኑት። በደረቁ ጊዜ ክሩ ሳሳ ስለሚል በመካከሉ ነፋስ ይገባል፤ ዝናብ ሲመታው ጠጕሩ ያብጥና ይጠጋጋል። ድንኳኑ መካከል ላይ በመጋረጃ ይከፈላል፤ በአንድ ወገን እንግዳና ወንዶች፣ በሌላው ሴቶችና ጓዳው። እኔ በእንግዳው ወገን ተቀመጥኩ። የእህቴ ልጅ ግን በሁለቱም ወገን መብት አላት፤ አስተርጓሚም ናት፣ ሴትም ናት።

አሁን ቡናው። ረጋ ብላችሁ ስሙኝ፣ ይህን ሳላጣድፍ ነው የምነግራችሁ።

አዛውንቱ ከምድጃው ፊት ተቀመጡ። እጀታው ረጅም የሆነ የብረት መቁያ አወጡ፤ ጥሬ ቡና ጨመሩበት፤ በቀጭን ብረት እያማሰሉ ቆሉት። ገና ቡኒ እንዳለ አወረዱት። የእህቴ ልጅ ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ አልበሰለም እኮ» አለችኝ በአማርኛ። እንዲበርድ ከእንጨት በተጠረበ ዕቃ ውስጥ ገለበጡት። ከዚያ ሙቀጫው መጣ። መህባሽ ይባላል፤ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ውጩ በቅርጽ የተሞላ። ዘነዘናው የሰው ክንድ ያህላል። አዛውንቱ ዓይናቸውን ከደን አድርገው መውቀጥ ጀመሩ፤ ሁለት ጊዜ ወለሉን፣ አንድ ጊዜ ግድግዳውን፣ ከዚያ ከንፈሩን፤ ዱም ዱም ታክ፣ ዱም ዱም ታክ ታክ። ይህ ወቀጣ ብቻ አይደለም። ጎረቤት ድንኳን ያለ ሰው ድምፁን ሰምቶ፣ እገሌ ቤት ቡና አለ ብሎ ይመጣል። እውነትም ሳይቆይ አንድ ሰውዬ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ሰላምታ ሰጥቶ ገባ፤ ማንም አልጠራውም፣ ማንም አልደነቀውም።

ሄሉን ጨምረው ወቀጡት፣ በውሃ አፈሉት፣ ደጋግመው አፈሉት፣ ዳላ በሚሉት ረጅም አፍ ባለው ዕቃ ቀዱት። የመጀመሪያውን ራሳቸው ጠጡ። በዱሮ ጊዜ እንግዳው መርዝ እንዳይፈራ ነው ይላሉ። ከዚያ ለእኔ። ዕቃውን በግራ እጅ፣ ስኒውን በቀኝ። ጆሮ የሌላት ትንሽ ስኒ፤ ውስጧ ያለው ቡና ሁለት ጉንጭ አይሞላም። የእህቴ ልጅ ልትስቅ ምንም አልቀራት። እኛ አገር ስኒ ሞልቶ ካልፈሰሰ ቆጣቢ ነው ይባላል። እዚያ ግን ሙሉ ስኒ ስድብ ነው፤ ጠጥተህ ሂድልኝ ማለት ነው። በትንሽ በትንሹ የሚቀዳልህ እንድትቆይ ስለሚፈለግ ነው።

ስኳር የለውም። መራራ፣ ቢጫ መሳይ፣ ሄሉ አፍንጫ ድረስ የሚወጣ። «ቡናው ከየት ነው?» ብላ ጠየቀች ልጅቱ። አዛውንቱ «ከገበያ» አሉ። ከየት አገር ማለቷ እንደሆነ ሲገባቸው «አዎ፣ እናንተ ሐበሾች የቡና ሰዎች ናችሁ» ብለው ስኒውን ደገሙላት። እሷ በአማን ልማድ «አህዌ» ስትል፣ እሳቸው በበረሃው አፍ «ጋህዋ» ይላሉ፤ ልጆቹ ከመጋረጃው ኋላ የከተማ አነጋገሯን እየሰሙ ይንከተከታሉ።

ሦስት ስኒ ነው ወጉ። አንደኛው ለእንግድነት፣ ሁለተኛው ለደስታ፣ ሦስተኛው ለሰይፍ፤ ሦስተኛውን የጠጣ ሰው ከባለቤቱ ጋር ሰይፍ ለሰይፍ ይቆማል፣ ጠላቱ ጠላቱ ነው። «ታዲያ የእኛ ሦስተኛው በረካ ነው፤ የእነዚህ ደግሞ ጦርነት!» አለች የእህቴ ልጅ። ሲበቃህ ስኒዋን ሁለት ሦስት ጊዜ ነቅነቅ ታደርጋታለህ፤ አለዚያ ሌሊቱን ሁሉ ይቀዱልሃል።

አንድ ሌላ ሕግ አለ፤ እሱ ነው ልቤን የያዘው። የሚለምነው ነገር ያለው እንግዳ ስኒውን ይቀበልና ሳይጠጣ መሬት ላይ ያስቀምጣታል። ባለቤቱም ወዲያው ይገባዋል፤ «ቡናህን ጠጣ፣ የመጣህበት ይደረግልሃል» እስኪል ድረስ እንግዳው አይነካትም። ልጅ ለማጨት ቢሆን፣ ለገዳይ ምሕረት ለመጠየቅ ቢሆን፣ ነገሩ በዚያች ስኒ ላይ ይንጠለጠላል። ሽማግሌ ሆናችሁ ለጋብቻ የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም፣ እህል ውሃ አንቀምስም የምንለውን። በበረሃ ደግሞ ቡና የተነፈገው እንግዳ ሳይሆን፣ ቡናው ያልተጠጣለት ባለቤት ነው የሚዋረደው። ሙሴና የኤዶም ንጉሥ ትዝ አሉኝ። ያ ንጉሥ መልእክተኞቹን ስኒ ይዞ ቢቀበል ኖሮ ብዬ አሰብኩ፤ ቡናው ገና ካፋ ጫካ ውስጥ ወፍ ሲለቅመው ነበርና ምን ያድርግ።

ከዚያ ምግብ መጣ፤ ጣጣውም መጣ። ትኩስ ስስ ቂጣ፣ በፍየል ቅቤ የራሰ፣ ጎኑ እርጎ። የእህቴ ልጅ ዓይኔን አየችኝ። እኔም መሬቱን አየሁ። «ያ ሐጅ፣ ይቅርታዎን፣ ጾም ላይ ነኝ» አለች። አዛውንቱ ግራ ተጋቡ፤ ሦስት ስኒ ቡና ጠጥታ ምን ዓይነት ጾም ነው? ሙስሊም ሲጾም ውሃም አይቀምስም። «የክርስቲያን ጾም ነው፤ ከሥጋና ከወተት» አለች። «አሃ!» አሉና እጃቸውን አጨበጨቡ። ከከረክ፣ ከማደባ፣ ክርስቲያን ወዳጆች እንዳሏቸው፣ ጾማቸውን እንደሚያውቁ ነገሯት። ከመጋረጃው ኋላ ሌላ ቂጣ፣ የወይራ ዘይትና የተፈጨ ዛዕተር ወጣ። ለጾም እንዲህ በአክብሮት የተነሣ ቅቤ አላየሁም።

እሷ ወደ ሴቶቹ ወገን ገባች፤ ያየችውን በኋላ ነገረችኝ። ቂጣው የሚጋገረው በተገለበጠ ምጣድ ላይ ነው አለች፤ ሊጡን ከእጅ ወደ እጅ እያወናጨፉ አስፍተው ጣል ነው። መሬት ላይ ተጋድሞ የሚሸመን ጠጕር አለ። አንዷ ደግሞ በወይራ ዘይት የተነከረ ጨርቅ አንድዳ፣ ጥላሸቱን በብረት ላይ ሰብስባ፣ ኩል ሠራችላት። ስትወጣ ዓይኗ ተኩሏል። «ወለተ ማርያም አንቺ፣ ጾም ላይ አይደለሽም?» አልኳት። «ኩል ወተት የለበትም» አለችኝ።

ማታ ያደርነው ፌይናን ሎጅ ነው። በ2005 የተከፈተ፣ 26 ክፍል ያለው፣ አማር ኸማሽ የሚባል ዮርዳኖሳዊ አርክቴክት የነደፈው ነው። ኤሌክትሪኩ ከፀሐይ ነው፤ በየክፍሉ ማታ የሚበራው ሻማ ነው። ወጥ ቤቱ ሥጋ አይሠራም። ሲነግሩን የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ አስበህበታል ለካ!» አለች፤ ምስጋናውን ዝም ብዬ ተቀበልኩ። የሚያስተናግዱት፣ የሚነዱት፣ የሚመሩት የአካባቢው ቤዱዊኖች ናቸው፤ ሻማውን የሚሠሩትም የአካባቢው ሴቶች ናቸው።

አሁን ደግሞ ወደ ጨለማው ነገር እንግባ። ከሎጁ ብዙም ሳትርቁ መሬቱ ይጠቁራል። አመድ ይመስላል፣ አይደለም። ስትረግጡት እንደ ብርጭቆ ይንኮሻኮሻል። የመዳብ ዝቃጭ ነው፤ በዚህ አካባቢ ከ100,000 ቶን በላይ ተከምሯል። ሰው እዚያ ማዕድኑን ማቅለጥ ከጀመረ ስድስት ሺህ ዓመት አልፎታል። እንዲያውም ከዚያ በፊት፣ ከ11,000 ዓመት በፊት፣ ሰዎች ሰብሰብ ብለው የሠሩት ትልቅ የጋራ ቤት ፍርስራሽ በዚያው ሸለቆ ተቆፍሮ ወጥቷል። እስራኤላውያን በበረሃ ሲንከራተቱ ከሰፈሩባቸው ቦታዎች አንዱ ፉኖን ይህ ነው ይባላል። ሮማውያን ፋይኖ አሉት፣ ማዕድኑንም የወንጀለኛ ቅጣት ቦታ አደረጉት። በዲዮቅልጥያኖስ ስደት ጊዜ ክርስቲያኖች አንድ ዓይናቸው እየወጣ፣ የእግራቸው ጅማት እየተተኮሰ ወደዚያ ይጋዙ ነበር፤ የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ጽፎታል። የጋዛው ጳጳስ ስልዋኖስ ከ39 ባልንጀሮቹ ጋር አንገቱን የተቀላው እዚያ ነው። ቆየት ብሎ አትናቴዎስ፣ ያው ለእኛ ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ የሾመልን የእስክንድርያው አትናቴዎስ፣ ስለዚያ ማዕድን ሲጽፍ ነፍሰ ገዳይ እንኳ ጥቂት ቀን የማይኖርበት ብሎታል። የእህቴ ልጅ ይህን ስነግራት ከዝቃጩ ላይ ወርዳ አማተበች። ከዚያ ቦታ አፈር ውስጥ የመዳብና የእርሳስ ቅሪት እስከ ዛሬ ይገኛል። አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት አልበቃም ለመታጠብ።

በነሐሴ 2021 የዮርዳኖስ መንግሥት መዳብ አለበት የተባለውን ክፍል ከጥብቁ ክልል ቆርጦ ለማዕድን ለማዋል መወሰኑን አስታወቀ። የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበሩ በይፋ ተቃወመ፤ አገሩም ተከራከረበት። ሥራ ላጣ ወጣት መዳብ ቀላል ነገር አይደለም፤ ያንን አልክድም። እኔ ግን ያን ጥቁር መሬት ረግጬ፣ ከጎኑ ያቺን ሁለት ጉንጭ የማትሞላ ስኒ ጠጥቼ ነውና ለማን እንደማደላ አትጠይቁኝ።

በማግሥቱ ዋዲ ጉወይርን ቀመስ አደረግን፤ ከሥር ገብተን ጥቂት ወደ ላይ ወጣን። ግድግዳው እየጠበበ ሁለት እጅ ዘርግተህ የምትነካው ይሆናል፤ ከዓለቱ ላይ ቴምር መሳይ ዘንባባ ተንጠልጥሏል፤ ውሃው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። መሪያችን በየአምስት ደቂቃው ወደ ሰማይ ይመለከታል። እዚያ ዝናብ የሚገድለው ከራስህ ላይ የዘነበው አይደለም፤ ከማታየው አምባ ላይ የዘነበው ነው። በጥቅምት 2018 ሙት ባሕር አጠገብ ባለ ሸለቆ ድንገተኛ ጎርፍ 21 ሰው ገድሏል፤ አብዛኞቹ ለሽርሽር የወጡ ተማሪዎች ነበሩ። አንድ ትንሽ ደመና በምሥራቅ ብቅ ስትል መሪያችን «በቃ፣ እንመለስ» አለ። አልተከራከርነውም።

ከሎጁ እስከ ዋናው መንገድ በፒካፕ ነው። ሹፌሩ ተራ የደረሰው የአካባቢው ሰው ነው፤ ገንዘቡ በየተራ ለየቤተሰቡ እንዲደርስ ተደርጎ የተሠራ ነው። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ የእህቴ ልጅ ከሹፌሩ ጋር ቡና የማን ነው በሚል ክርክር ገጠመች። እሱ የመን አለ። እሷ ካፋ አለች። እኔን ምስክር ቢጠሩኝ ጥርሴ እየተንገጫገጨ መልስ መስጠት አቃተኝ። ቁረይቅራ መንደር ስንደርስ ስልኳ ኔትወርክ አገኘና ጢን ጢን ጢን አለ። የቤቱ እመቤት ናት፤ ትልቁ ድስት የት ነው፣ ሕፃኑ ያላንቺ አልተኛ አለ፣ መቼ ትመጫለሽ። ደወለችላት። መንገድ ላይ ነኝ፣ ማታ እደርሳለሁ አለች፤ ድስቱ ከፍሪጁ ላይ ነው አለች፤ ቀጥላም «ስደርስ ጋህዋ አፈላለሁ» አለች። ከስልኩ ውስጥ የሴትየዋ ሣቅ ለሁላችንም ተሰማ፤ «ይህን ደግሞ ከየት አመጣሽው?» ስትል ሹፌሩ መሪውን ይዞ አብሮ ሣቀ።